የልጅ መጥፋት ሳይውል ሳያድር ይነገር

(በካኩማ በኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ያቀረቡት ንግግር። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



የውሃውን ወረፋና የቤቱን ሥራ ትታችሁ በዚህ ሙቀት ስለተሰበሰባችሁ ከሁሉ አስቀድሜ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ልጅ ተወስዶ ሲጠፋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ማን ለማን ይናገራል? ምን ብሎስ ይናገራል? ሌሎች አገሮች ለዚህ ጥያቄ ያገኙትን መልስ በአጭሩ ካስረዳሁ በኋላ፣ እኛ እዚህ ባለን አቅም ልናደርገው የምንችለውን ለውይይት አቀርባለሁ።

ነገሩ የጀመረው በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ አርሊንግተን በምትባል ከተማ ነው። ጃንዋሪ 13 ቀን 1996 አምበር የተባለች የ9 ዓመት ልጅ በአንድ የተዘጋ መደብር ደጃፍ ብስክሌት ስትነዳ፣ አንድ ሰው በጉልበት አንሥቶ በጥቁር ፒክአፕ መኪና ይዟት ሄደ። አንድ ጎረቤት ይህን በዓይኑ አይቶ ለፖሊስ ደወለ፤ ፖሊስም ደረሰ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት በመንገድ ላይ የነበረው ሕዝብ ስለዚያ መኪና የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከአራት ቀን በኋላ የልጅቱ አስከሬን በአንድ ጅረት ውስጥ ተገኘ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚህ በኋላ አንዲት የአካባቢው ነዋሪ ለሬድዮ ጣቢያ ደውላ አንድ ሐሳብ አቀረበች። የሐሳቧም ፍሬ ነገር፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሬድዮ ፕሮግራሙን አቋርጦ ሕዝቡን የሚያስጠነቅቅ ከሆነ፣ ልጅ ሲጠለፍ ለምን እንዲሁ አያደርግም የሚል ነበር። የዳላስና የፎርት ዎርዝ አካባቢ የሬድዮ ጣቢያዎችና ፖሊሶች ሐሳቡን ተቀብለው ተስማሙ። ስምምነቱም በሟቿ ልጅ ስም "የአምበር ማስጠንቀቂያ" ተባለ። በ1998 በዚያው በአርሊንግተን የሁለት ወር ሕፃን በሞግዚቷ ተወሰደች። ማስጠንቀቂያው በሬድዮ ሲነገር አንድ መንገደኛ መኪናዋን አይቶ ለፖሊስ ጠቆመ፤ ሕፃኗም በደኅና ተገኘች። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው እየተዛመተ ሄዶ በ2003 በሕግ በመላ አገሪቱ ተቀናጀ። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ማስጠንቀቂያው በአካባቢው ባለ የእጅ ስልክ ሁሉ ላይ በቀጥታ እንዲደርስ ተደረገ። እስካሁን በዚህ መንገድ ከ1,200 በላይ ልጆች መገኘታቸው ተመዝግቧል።

ይህን ስትሰሙ "እነሱ መሣሪያ አላቸው፤ እኛ ምን አለን?" የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ሆኖም ሥራው ሲጀመር የነበረው ተራ ሬድዮና ተራ ስልክ ነው። አዲስ የነበረው በሰዎች መካከል አስቀድሞ የተደረገው ስምምነት ነው። ይኸውም ማን እንደሚወስን፣ ምን እንደሚነገር፣ በማን በኩል እንደሚነገር ልጁ ከመጥፋቱ በፊት ተወስኖ ማደሩ ነው። ልጁ ከጠፋ በኋላ ልቡ የደነገጠ ወላጅ እንዲህ ያለ ሥርዓት ሊያወጣ አይችልም።

አሠራሩ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው።

የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። በ1997 በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት የታተመ አንድ ጥናት፣ ተጠልፈው የተገደሉ ልጆችን ጉዳይ መርምሮ ከአራቱ ሦስት ያህሉ የተገደሉት በተወሰዱ በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ መሆኑን አረጋገጠ። ይህን የምናገረው ላስፈራችሁ አይደለም። የሚወሰደው ልጅ ሁሉ አይገደልም፤ አብዛኛው በሕይወት ይመለሳል። ነገር ግን ጊዜው ለማን እንደሚያደላ ማወቅ ይገባናል። ከካኩማ የተነሣ መኪና በሦስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ በደቡብ በኩል ሎድዋር ይገባል፤ በሰሜን በኩልም ከሎኪቾጊዮ አልፎ ወደ ድንበሩ ይቃረባል። ስለዚህ "እስኪመሽ እንጠብቅ፣ ምናልባት ይመጣል" ማለት ለጠላፊው መንገድ መጥረግ ነው። አንዳንድ ሰው ፖሊስ 24 ሰዓት ሳይሞላ አይቀበልም ይላል። በአሜሪካ ፖሊስ የጠፋ ልጅ ሪፖርት ለመቀበል ጊዜ እንዳያስጠብቅ በ1990 በወጣ ሕግ ተከልክሏል። እዚህም ቢሆን ጠብቁ የሚላችሁን አትስሙ፤ ሂዱና አስመዝግቡ።

ሁለተኛው ትክክለኛ መግለጫ ነው። "ልጅ ጠፍቷል" ብቻ ቢባል የሰማው ሰው ምን ሊፈልግ ይችላል? ስንት ዓመቱ ነው? ቁመቱ እስከ የት ነው? ምን ለብሷል? ምን ምልክት አለው? ከማን ጋር፣ በምን፣ ወዴት ሲሄድ ታየ? በአሜሪካ ፖሊስ ማስጠንቀቂያ የሚያስነግረው ልጁ መወሰዱን ካመነ፣ አደጋ እንዳለበት ከተረዳ፣ እንዲሁም ሕዝቡ ሊለይበት የሚችል በቂ መግለጫ በእጁ ከገባ ነው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ማስጠንቀቂያው ብርቅ መሆን አለበት። በ2022 በአሜሪካ ከ350,000 በላይ የጠፉ ልጆች ሪፖርት ሲመዘገብ የተላለፈው የአምበር ማስጠንቀቂያ ግን ከ200 ያነሰ ነበር። ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ራሳቸው ከቤት የወጡ ናቸው፤ እነሱንም ፖሊስ በሌላ መንገድ ይፈልጋቸዋል። ደወሉ በየቀኑ ቢደወል ግን ሰው መስማቱን ይተዋል። በፈረንሳይ በ2006 የተጀመረው ተመሳሳይ አሠራር ደግሞ ማስጠንቀቂያውን የማዘዝ ሥልጣን ለዐቃቤ ሕግ ይሰጣል፤ በቴሌቪዥንና በሬድዮ የሚነገረውም ለሦስት ሰዓት ያህል ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1994 በሩዋንዳው እልቂት ጊዜ የቢቢሲ ሬድዮ በኪንያሩዋንዳና በኪሩንዲ ቋንቋ የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያገናኝ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። በስደት ካምፖች ውስጥም የጠፉ ልጆች ፎቶግራፍ እየተነሣ በሰሌዳ ይለጠፍ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ አፕሪል 15 ቀን 2016 ታጣቂዎች ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው በጋምቤላ መንደሮች ላይ ጥቃት አድርሰው ከ200 በላይ ሰዎች ሲገድሉ ከ100 በላይ ሕፃናትን ወስደዋል። ብዙዎቹ ሕፃናት በተከታዮቹ ወራት ቢመለሱም ይህ የሆነው ከብዙ ድርድርና ልፋት በኋላ ነው። ይህን ሳነሣ አንድ ሕዝብ በሌላው ላይ ጣት እንዲቀስር አይደለም። በዚህ ካምፕ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ጎረቤቶቻችን እንደኛው ልጆቻቸውን ይዘው የተሰደዱ ናቸው። ልጅ ሲጠፋም ከእኛ ጋር የሚፈልጉት እነርሱ ናቸው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ቢከብድም መነገር ያለበት ነገር አለ።

በአማርኛችን "ጠለፋ" ስንል ብዙዎቻችን አስቀድሞ የሚታየን ወንጀል ሳይሆን ሠርግ ነው። አምበር በተገደለችበት በዚያው በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጥይት ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከራክሮላት ነፃ ወጣች። ታሪኩም በ2014 "ድፍረት" በሚል ርእስ ፊልም ሆኗል። በዚያ ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ነፃ ያደርገው ነበር። በ1997 ዓ.ም. የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ይህን ሽሯል። በአንቀጽ 587 መሠረት ለጋብቻ ብሎ በኃይል የጠለፈ ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ በኋላ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያድነውም። አሁን በምንኖርባት በኬንያም በ2014ቱ የጋብቻ ሕግ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ የለም።

ሕጉ ተለውጧል። የእኛ ልማድ ግን ሙሉ በሙሉ አልተለወጠም። የ15 ዓመት ልጅ ስትወሰድ አንዳንዱ ቤተሰብ አፉን ይዞ ከጠላፊው ወገን ሽማግሌ እስኪላክ ይጠብቃል። "ስሟ ይጠፋል፣ ክብራችን ይነካል" ይላል። ሽማግሌ እርቅ ሲያወርድና ሰላም ሲያመጣ የተከበረ ነው። ነገር ግን ልጅ በሰው እጅ ባለችበት ሰዓት ሽማግሌ መጠበቅ ሦስቱን ሰዓት ለጠላፊው መስጠት ነው። ሽማግሌዎቻችን ራሳቸው "መጀመሪያ ልጅቱ ትመለስ፣ ፖሊስም ይወቀው" ቢሉ ከእነርሱ የሚበልጥ አዋጅ ነጋሪ አይኖርም። ይህን ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካሉት ሽማግሌዎች በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሌላው የሚያዘገየን ፍርሃት ነው። ወረቀታችን ያልተሟላ፣ ከራሽን ካርድ ውጭ የሆንን፣ ያለ ፈቃድ ከካምፕ ወጥተን የተመለስን ሰዎች ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ያሳስበናል። ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ። የብሎክ መሪያችሁን ወይም የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ይዛችሁ ሂዱ። በኬንያ 116 የሕፃናት የእርዳታ ስልክ ነው፤ በነጻ ይደወላል። ለፖሊስ ደግሞ 999 ወይም 112 አለ።

ሦስተኛው እንቅፋት ወሬ ነው። በሕንድ በ2017 እና በ2018 "ልጅ የሚሰርቁ ሰዎች መጥተዋል" የሚል ሐሰተኛ መልእክት በዋትሳፕ ከስልክ ወደ ስልክ ተዛምቶ ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች በሕዝብ ድብደባ ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ምንም የማያውቁ መንገደኞች ነበሩ። ይህ ከደረሰ በኋላ በ2018 ኩባንያው በሕንድ አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ እንዳይተላለፍ ገደብ አደረገ። በልዩ ልዩ ሕዝቦች በተሞላ ካምፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ልነግራችሁ አያስፈልግም። ምንጩ ያልታወቀ መልእክት ሲደርሳችሁ ለሌላ አታስተላልፉ፤ የብሎክ መሪውን ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያው በአንድ ኃላፊ እጅ መሆን ያለበት በሌላም ምክንያት ነው። ባሏ ሲደበድባት ልጆቿን ይዛ ወደ መጠለያ የሸሸች ሴት አለች እንበል። ባልየው "ልጆቼ ተጠለፉ፣ ፎቷቸውን ለጥፉልኝ" ብሎ ቢመጣና እኛም ሳንመረምር ብናስነግር፣ ሰፈሩን ሁሉ ለእርሱ አሳዳጅ አደረግነው ማለት ነው። እንዲሁም ከአገሩ ጠላት ተከትሎት የሸሸ ቤተሰብ በመካከላችን ይኖራል። ስለዚህ ማስታወቂያ ከመነገሩ በፊት ፖሊስና የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ነገሩን ማጣራት አለባቸው። ማጣራቱ ግን በደቂቃዎች የሚቆጠር እንጂ በቀናት የሚቆጠር መሆን የለበትም።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

እኛ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሌለን ሕዝብ አይደለንም። በአገራችን ሰው ሲሞት የዕድር ጡሩንባ ነፊ ገና ሳይነጋ ይዞራል። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የማን ቤት እንደሆነ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመጣው፣ ምግብ የሚያበስለው አስቀድሞ የተመደበ ነው። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ለሞተ ሰው ይህን ያህል የተደራጀን ከሆነ በሕይወት ላለ ልጅ የማንደራጅበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀት ያዘጋጅ። ሙሉ ስሙ፣ የቤት ስሙ፣ የተወለደበት ዓመት፣ ቁመቱ፣ የሚናገራቸው ቋንቋዎች፣ ጠባሳ ወይም ሌላ ምልክት ይጻፍበት፤ ፎቶግራፍም ይያያዝበት። ልጅ ቶሎ ያድጋልና በየስድስት ወሩ ይታደስ። ወረቀቱ ከማኒፌስታችሁ ጋር በቤት ይቀመጥ እንጂ በሰው እጅ አይዙር። ጠዋት ልጃችሁ ሲወጣ ምን እንደለበሰ ልብ በሉ። ልጁም ሙሉ ስሙን፣ የብሎኩን ቁጥርና የአንድ ዘመድ ስልክ በቃሉ ይወቅ።

ሁለተኛ፣ የመጠበቂያው ጊዜ ይወሰን። ልጁ ከሚገባበት ሰዓት ከዘገየ ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ ትምህርት ቤቱንና ደረቁን የታራችን ወንዝ ከግማሽ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ፈልጉ። ሲወሰድ ያየ ሰው ካለ ወይም ልጁ በጣም ትንሽ ከሆነ ግን አንድ ደቂቃም አትጠብቁ።

ሦስተኛ፣ መንገዱ አንድ ይሁን። ወላጅ ለብሎክ መሪ፣ ብሎክ መሪ ለፖሊስና ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ይናገር። መሪው ቢታጣ ወላጅ በቀጥታ ይሂድ። ከወላጆቹም አንዱ ስልክ ይዞ በቤት ይቆይ፤ ልጁ ራሱ ሊመለስ ይችላልና።

አራተኛ፣ የየሰው ቦታ ከአሁኑ ይታወቅ። ማን ወደ አውቶቡስ መነሻው ይሮጣል? ማን ወደ ቦዳቦዳ ነጂዎች? ማን ወደ ገበያው፣ ማን ወደ ውሃ ቧንቧዎቹ? በዚህ ካምፕ ማን ማንን አሳፍሮ ወዴት እንደሄደ ከቦዳቦዳ ነጂ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መልእክቱም በአማርኛ ብቻ አይቅር፤ በኦሮምኛ፣ በስዋሂሊ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ የሚናገሩ ወጣቶች ይመደቡ። የቱርካና ጎረቤቶቻችንም ይነገራቸው፤ አገሩንና መንገዱን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

አምስተኛ፣ መልእክቱ አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ "የ7 ዓመት ሴት ልጅ። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጫማ የላትም። በግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአንድ ጎልማሳ ጋር በቀይ ሞተር ብስክሌት ወደ ሎድዋር መንገድ ስትሄድ ታይታለች። ያያችሁ ለፖሊስ ደውሉ።" የተጠርጣሪው ጎሣ፣ ሃይማኖት ወይም አገር አይጨመርበት። ተጠርጣሪውን ያየ ሰውም በዓይኑ ይከተል፣ ይደውል እንጂ ድንጋይ አያንሣ። ሕዝብ የገደለው ተጠርጣሪ ሌሎቹን ልጆች የት እንዳደረሰ ሊናገር አይችልም።

ስድስተኛ፣ ልጁ ሲገኝ መገኘቱ በዚያው መንገድ ይነገር፤ የተለጠፈው ፎቶግራፍም በዚያው ዕለት ይነሣ። ልጁ ምን እንደደረሰበት ግን የሰፈር ወሬ አይሁን። በተለይ የተጠለፈች ልጅ ስትመለስ የሚያስፈልጋት ሐኪም፣ የሚሰማት ሰውና የቀድሞ የትምህርት ቤት ወንበሯ ነው። በእርሷ ላይ በተደረገው እርሷ የምታፍርበት ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ፣ ጥቂት ወረቀትና በየብሎኩ ሁለት ሦስት ታማኝ ሰዎች ነው። አባቶቻችን "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚሉት ያለ ጊዜው የሚሆን ጩኸት ጥቅም እንደሌለው ሲያስረዱ ነው። እኛም የምንጮኸው ጅቡ ገና በሰፈር ሳለ እንዲሆን ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችን በፊት በየብሎኩ ተጠሪዎች እንምረጥ። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። መጻፍ የማይችል ካለ የሚጽፍለት ሰው ተቀምጧል።